አገር የሚወስድ ገበጣ፦ በሰሜን ሸዋ የአሥር ደቂቃ የቤተሰብ ፊልም በስልክ ለመሥራት

ልጆች አስማተኛ ጨዋታ ጀምረው ወደማያውቁት ቦታ የሚወሰዱበት ፊልም ብዙ ገንዘብና ትልቅ ኮምፒውተር የሚፈልግ ይመስላል። ከሁለቱ በፊት ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ተመልካች ልጅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚገባው የጨዋታ ሕግ ነው፤ ሌላው ዓይን ሳይነቃ የሚቆረጥ ካት። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ አንድ ስልክ፣ አንድ ትራይፖድ፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አያት ይበቃሉ።

ጨዋታውን ከውጭ መዋስም አያስፈልግም። እንቆቅልሽ ራሱ ግማሽ መንገድ የሄደ አስማት ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይመጣል። «አንኮበርን ሰጠሁህ» ካልተባለ መልሱ አይነገርም። ልጅ በቃሉ ብቻ አገር የሚሰጥበት ጨዋታ ነው። ፊልሙ የሚጨምርበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተሰጠው አገር ሰጪውን ይወስደዋል።

እንቆቅልሽ ግን ለጆሮ እንጂ ለካሜራ የሚታይ ነገር የለውም። ስለዚህ ገበጣ ይጨመርበት። እጅ ጠጠር ሲዘራ ይታያል፣ ጠጠሯ ስትወድቅ ይሰማል፣ ዕቃው ያረጀና ምስጢር የያዘ ሊመስል ይችላል። ገበጣው ይጠይቃል፣ ልጆቹ ይመልሳሉ።

ሕጉ ከታሪኩ በፊት

ስክሪፕት ከመጀመራችሁ በፊት ሕጉን በግማሽ ገጽ ጻፉት። ለዚህ ፊልም ሦስት ይበቃሉ። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ካረፈች ገበጣው እንቆቅልሽ ይጠይቃል። መልስ ያጣ አገር ይሰጣል፣ የሰጠው አገርም ይወስደዋል። መልሱ የተወሰዱበት ቦታ ላይ አለ፤ አይተው ስሙን ሲጠሩት ይመለሳሉ። አራተኛ ሕግ ካማራችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ታሪኩ መሃል ላይ መውጫ ስላጣ ነው። ሕግ አትጨምሩ፤ ተመልሳችሁ ያንን ትዕይንት አስተካክሉ። የስምንት ዓመት ተመልካች «ቅድም እንዲህ አላለም» ካለ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አያምንም።

ታሪኩን በምሳሌ እንየው። ሰናይት 11 ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ዳኜ 8። በአያታቸው በእማማ ቤት ከጎታው ኋላ አቧራ የለበሰ ገበጣ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሰናይት ነው፦ «ተራራ ይውጣል፣ ፀሐይ ስትመጣ ይሸሻል።» አታውቀውም፤ በደሴ መንገድ ላይ ያለውን ከፍታ ጣርማ በርን ትሰጣለች። እዚያ ስትደርስ ምንም አይታያትም፣ እጇ እንኳ ነጭ ውስጥ ይጠፋል። «ጉም!» ስትል ትመለሳለች። ሁለተኛው ለዳኜ ይመጣል፦ «በሜዳ ይወዛወዛል፣ በጣሪያ ይተኛል፣ ሲጠመዘዝ ያስራል።» ዳኜ የመንዝን የደጋ ሜዳ ጓሳን ይሰጣል፤ እጁን የያዘችው እህቱም አብራው ትሄዳለች። «ጭላዳ!» ይላል፣ «ቀይ ቀበሮ!» ይላል፤ አይደለም። ፀሐይ እየወረደች ነው። የጫማው ማሰሪያ ተበጥሶ ሣር ጠምዝዞ ሲያስር ነው ድንገት የሚገባው። የጓሳ ሣር በመንዝ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሆናል፤ መልሱ እግራቸው ሥር ነበረ።

ሦስተኛው ጥያቄ ጠጠሯን ከመሬት አንስታ ገበጣው ላይ በመለሰችው በእማማ ላይ ይወድቃል፦ «እናት ተጋድማ ልጅ ይሮጣል።» እማማ ወፍጮና መጅ መሆኑን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ግን አትመልስም፤ «አገር ስጪኝ» ስትባል «ቤቴን ሰጠሁ» ትላለች። ጨዋታው የሚወስድበት ቦታ የለውም፣ ምክንያቱም እዚያው ተቀምጣለች። ገበጣው ዝም ይላል፤ ካሜራው በቀስታ ወደ ጥጉ ወፍጮ ይዞራል። ከሦስቱ ሕጎች አንዱም አልተጣሰም፤ መጨረሻው የሚሠራውም በዚህ ነው።

ሰዓቱን እንዲህ ደልድሉት፦ ገበጣው እስኪገኝና ሕጉ እስኪገባ 1 ደቂቃ ተኩል፣ ጣርማ በር 2 ደቂቃ ተኩል፣ ጓሳ 3 ደቂቃ ተኩል፣ የእማማ ክፍል 2 ደቂቃ፣ የስም ዝርዝር 30 ሰከንድ። ስክሪፕቱን ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በሰዓት ለኩት። ንግግሩ ብቻ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ይቀነስ፣ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ፊልም ግማሹ ጊዜ የዝምታና የመመልከት ነው።

በአማርኛ የሚመጣ አንድ ስህተትም ከወዲሁ ይታረም። ገበጣው ለዳኜ «እንቆቅልህ» እና «አገር ስጠኝ»፣ ለሰናይትና ለእማማ «እንቆቅልሽ» እና «አገር ስጪኝ» ማለት አለበት። ድምፁን አንድ ጊዜ ቀድቶ ለሁሉም መጠቀም ሥራ የሚያቀል ይመስላል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚያስቀው እሱ ነው።

ገበጣውን መሥራት

ሁለት ገበጣ ያስፈልጋል፤ አንዱ ልጆቹ የሚነኩት እውነተኛ እንጨት፣ ሁለተኛው ለዘዴ የሚሆን ውስጡ ባዶ የሆነ አምሳያ። ገበጣ እንደየአካባቢው የረድፉና የጉድጓዱ ብዛት ይለያያል፤ ለካሜራ ግን ሁለት ረድፍ፣ በረድፍ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ያለው ይመረጣል። በአንድ እይታ ይነበባል፣ ጠጠሩም 48 ብቻ ነው። መጥፋቱ ስለማይቀር 60 ልቀሙ።

የእንጨቱ ልክ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 20፣ ውፍረቱ 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጉድጓዱ በአፉ 7፣ በጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር፤ በጎረቤት ጉድጓዶች መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ይተው። ከዚህ ካነሰ የአዋቂ እጅ ጠጠሩን ለመዛቅ ይጠበዋል፣ ካሜራውም የሚያየው ጣት ብቻ ይሆናል። እርጥብ ባሕር ዛፍ አትጠቀሙ። በጥቅምትና በኅዳር የደብረ ብርሃን ቀን ፀሐዩ ደረቅ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ እርጥብ እንጨት በዚህ መሃል በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ከአሮጌ ቤት የወረደ የደረቀ የጽድ ወጋግራ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። አናጺው በመሮ ከቆፈረው በኋላ የጉድጓዱን ውስጥ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሰው፤ ውጭው የመሮ ምልክት ይኑረው። ቫርኒሽ አይቀባ። የሚያብረቀርቅ ገጽ የመስኮቱን ብርሃን መልሶ ካሜራው ላይ ይተፋዋል፣ ስልኩም ምስሉን ሁሉ ያጨልማል። ለማስረጀት የቡና አተላ በጨርቅ አሹት፣ ሲደርቅ በጉድጓዶቹ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጥላሸት በጣት ጨምሩ።

አምሳያው ከካርቶን ይሠራል። 1 ሲኒ የስንዴ ዱቄት በ5 ሲኒ ውሃ አፍልታችሁ ሙጫ አዘጋጁ። አፏ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሲኒ ውጪዋን ዘይት ቀብታችሁ በሙጫ የተነከረ ጋዜጣ አራት ድርብ አልብሷት፤ ሲደርቅ ሲኒዋ ስትወጣ ጉድጓዱ ይቀራል። አሥራ ሁለቱን በተቀደደ የካርቶን ገጽ ላይ አጣብቋቸው። እያንዳንዱ ድርብ ሳይደርቅ ሌላ አትደርቡ፤ በደጋው ቅዝቃዜ አንዱ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ምድጃ ዳር ማድረቅ ያጓጓል፣ ግን ወደ እሳቱ ያለው ጎን ቀድሞ ስለሚሰበሰብ ሰሌዳው ይጣመማል። የእያንዳንዱን ጉድጓድ ወለል በሚስማር አምስት ቦታ ብሱት፣ ከሥር ቢጫ የከረሜላ ላስቲክ ለጥፉ። ከዚያ በባትሪ የሚሠራ አምፖል ከሥር ሲገባ ጉድጓዱ ፍም የያዘ ይመስላል። የግድግዳ መብራት ገመድ ከገበጣው ሥር ማስገባት ክልክል ነው፤ ልጆቹ እጃቸውን የሚያስገቡበት ቦታ ነው።

ጠጠሩ ከወንዝ የተለቀመ፣ የባቄላ መጠን ያለውና የማያንጸባርቅ ይሁን። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ካለ ቀረጻው ሲያበቃ 60ውን ቆጥራችሁ አስቀምጡ፤ ሕፃን አፉ ውስጥ ካስገባው አደገኛ ነው።

ስትቀርጹ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ እንድታርፍ ቀድማችሁ አዘጋጁ። በመጀመሪያው ጉድጓድ 4 ጠጠር አድርጉ፣ አምስተኛውን ባዶ ተዉት፤ ልጁ ከመጀመሪያው ዝቆ ሲዘራ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው፣ በመጨረሻም በባዶው አምስተኛ ላይ ያርፋል። ሳያስቡበት የተጀመረ ቀረጻ ልጁን አሥር ጊዜ ያደክመዋል።

ዓይን የሚያታልሉ አራት ነገሮች

ሰው ድንገት ሲጠፋ የማሳየት ዘዴ የዘመኑ አይደለም። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ በ1896 እ.ኤ.አ. ያደርገው ነበር፤ ካሜራውን አቁሞ፣ ሰውዬውን አስወጥቶ፣ እንደገና ማስነሳት። በስልክ ሲሆን ማቆም እንኳ አያስፈልግም፤ ቀረጻው ይቀጥልና መሃሉ በኤዲቲንግ ይወጣል። ስልኩ ትራይፖድ ላይ ይታሰር፣ ትራይፖዱ እግሮቹ ላይ ድንጋይ ይጫን። ሰናይት «ጣርማ በርን ሰጠሁ» ካለች በኋላ ዳኜና እማማ ልክ ባሉበት ይደርቃሉ፤ ሰናይት ከክፈፉ ትወጣለች፤ ሦስት ሰከንድ ቆጥራችሁ «ቀጥሉ» በሉ፣ ዳኜም ይደነግጣል። ይህን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። ከጀበና የሚወጣ እንፋሎት፣ የዕጣን ጭስ፣ በበሩ የገባ ንፋስ ያነሣው መጋረጃ፣ ከደመና የወጣ ፀሐይ ካቱን ያጋልጣሉ። ቡናው ከእሳት ይውረድ፣ በሩ ይዘጋ፣ ለዚህ ትዕይንት ብቻ በባትሪ መብራት ቅረጹ። ሰናይት የተቀመጠችበት ቁርበት ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ቢቀር ግን አታስተካክሉት፤ አሁን እዚህ ነበረች የሚለውን ከማንኛውም ብልጭታ በላይ ያሳምናል።

ወደ ሌላ ቦታ መሻገሪያው ጋቢ ነው። ሰናይት ስትወሰድ የእማማ ጋቢ በንፋስ እንደተነሣ ሆኖ ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ጣርማ በር ላይ ያው ጋቢ ሌንሱን ሸፍኖ ይጀምርና ከግራ ወደ ቀኝ ይገለጣል። ካቱ በነጩ መሃል ይገባል። ሁለት ነገር ጠብቁ። ጋቢው በሁለቱም ቦታ በአንድ አቅጣጫ ይሂድ፤ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ከሆነ ዓይን ይሰናከላል። ሁለተኛ፣ ስልኩ ነጭ ነገር ሲያይ በራሱ ስለሚያጨልም፣ ጋቢው ሌንሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ብርሃኑንና ፎከሱን ቆልፉ፤ በብዙ ስልኮች ላይ ፊቱን በጣት ተጭኖ መያዝ ይበቃል። ካሜራን በፍጥነት አዙሮ በብዥታው መቁረጥም አለ፤ በደጋው የቀን ፀሐይ ግን ስልኩ እያንዳንዱን ምስል በጣም በአጭር ጊዜ ስለሚያነሣ ብዥታው አይወጣም፣ ካቱም ይታያል። ጋቢው የተመረጠው ለዚህ ነው።

ጠጠሮች ራሳቸው ሲንቀሳቀሱ በፎቶ ይሠራል። በሰከንድ 12 ፎቶ ተብሎ ከታሰበ 5 ሰከንድ 60 ፎቶ ይፈልጋል። ከአንድ ጉድጓድ መሃል እስከሚቀጥለው መሃል 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ጠጠሯ ይህን በአንድ ሰከንድ እንድታልፍ በየፎቶው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ትንቀሳቀስ። በጉድጓዱ ዳገት ላይ እየተንሸራተተች ካስቸገረች ከሥሯ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ሰም ለጥፉ። ስልኩን በጣት መንካት ምስሉን ያናውጠዋል፤ ፎቶውን በሁለት ሰከንድ መዘግየት ወይም በጆሮ ማዳመጫው ቁልፍ አንሡ። የፀሐይ ብርሃን በ20 ደቂቃ ውስጥ ስለሚለወጥ ሥራው በማታ ይሁን፤ የግድግዳ መብራት ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ምስሉ ስለሚርገበገብ፣ አሁንም የባትሪ መብራት ይሻላል።

ገበጣው ሲቆጣ የተበተኑት ጠጠሮች ተመልሰው ዘለው ጉድጓዳቸው ውስጥ ሲገቡ ማየት ልጆችን ከሁሉም በላይ ያስገርማል፣ ከሁሉም በላይ ቀላሉም እሱ ነው። ጠጠሮቹ በየጉድጓዳቸው ሆነው ገበጣውን ከሥር በቡጢ ምቱት፣ ሲበተኑ ቅረጹ፣ ኤዲቲንግ ላይ ወደኋላ አስኪዱት። ክፈፉ ውስጥ ሰው አይኑር፤ ሲተነፍስ ወይም ዓይኑን ሲጨፍን ወደኋላ መሄዱ ይታወቃል።

ቤት ውስጥ

የመንዝና የደብረ ብርሃን ዙሪያ የድንጋይ ቤቶች መስኮታቸው ትንሽ ነው፤ ውስጡ ለዓይን ቢበቃም ለስልክ ይጨልማል፣ ምስሉም አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ልጆቹን ከተከፈተው በር አንድ ሜትር ተኩል ገባ አድርጋችሁ ፊታቸውን ወደ በሩ አስቀምጡ፤ ካሜራው ከበሩ ጎን ይቁም። ፊታቸው ላይ ብርሃን፣ ከኋላቸው ጨለማ ይሆናል፤ ለአስማት የሚፈለገውም ይኸው ነው። በጥላው በኩል ነጠላ ወይም ነጭ ካርቶን አንድ ሰው ይያዝ። አይኤስኦው (ስልኩ ለብርሃን ያለው የስሜት መጠን) ከ800 እንዲያልፍ አትፍቀዱ።

ቪዲዮው በ1080፣ በሰከንድ 25 ምስል ይሁን። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ ስለሆነ በ30 ምስል ሲቀረጽ በመብራት ሥር ግድግዳው ላይ የሚሄድ ጥቁር መስመር ሊመጣ ይችላል። ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል የሚነሣበትን የጊዜ ርዝመት) መወሰን የሚያስችል አፕ ካላችሁ 1/50 ሰከንድ ላይ ቆልፉት። በዚህ ጥራት አንድ ደቂቃ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ይይዛል። ለአሥር ደቂቃ ፊልም 80 ደቂቃ ያህል ስለምትቀርጹ ስልኩ ላይ ቢያንስ 15 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አስቀሩ።

ጣርማ በር

ጉሙን ማንም አያዝዘውም። በዕቅዱ ሁለት ጠዋት ያዙለት፤ ሲመጣ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ የቅርብ ምስሎቹን ጨርሱ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተገፎ ሊሄድ ይችላልና። ጉም ውስጥ ስልክ የሚይዘው መስመር ስለሚያጣ ፎከሱ ወደፊትና ወደኋላ ይዋዥቃል፤ ልጅቷን 2 ሜትር ላይ አቁማችሁ ቆልፉ። በየቀረጻው መሃል ሌንሱን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሳይጠረግ የተቀረጸ ጉም የቆሸሸ ሌንስ ብቻ ነው የሚመስለው። ወፍራም ጉም ሌላም ስጦታ አለው፦ ሰናይት ከካሜራው ቀጥ ብላ ስትሄድ ያለምንም ዘዴ ትጠፋለች።

ልብሷ ደማቅ ቀለም ይሁን፣ ቀይ ሹራብ ቢሆን ጥሩ ነው። ነጭ ነጠላ ለብሳ ጉም ውስጥ ከገባች ፊቷ ብቻ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ልጅን ቤት ውስጥም ተራራ ላይም ያው ልብስ ማልበስ መሠረታዊ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊትና በኋላ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ፎቶ አንሡላት፤ የአንገት ልብሱ በየት በኩል እንደተጣለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም አያስታውስም።

ጣሊያን ያሠራው የ587 ሜትር ዋሻ ለካሜራ ያጓጓል። ውስጡም አፉም ላይ ልጅ አታቁሙ። የደሴ መስመር ከባድ መኪኖች የሚያልፉበት መንገድ ነው፣ በጉም ደግሞ ሹፌር አያይም። ከአስፋልቱ በደንብ ገብታችሁ፣ ከገደሉ አፋፍም 10 ሜትር ርቃችሁ ቅረጹ፤ ጉሙ የቀረውን ስለሚሸፍነው ገደሉ ጋ መድረስ ለምስሉ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ጓሳ

ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ከጣርማ በር ይገነጠላል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ። የመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ራሱ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቀው የኖረ ሜዳ ስለሆነ፣ የጥበቃ ቦታውን ኃላፊዎች አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ የልጆቹንም ወላጆች በጽሑፍ አስፈርሙ። ሣር ማጨድ በሥርዓት የሚፈቀድና የሚከለከል በመሆኑ ዳኜ የሚጠመዝዘው ጥቂት ዘለላም ቢሆን በአስጎብኚው ፈቃድ ይሁን።

ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ልጅ ሁለት ጊዜ ሮጦ በሦስተኛው ትንፋሽ ያጥረዋል። የሩጫ ትዕይንት ካለ ከሦስት ጊዜ በላይ አትድገሙ፤ ልምምዱ በእርምጃ ይሁን። ቅዝቃዜው የስልክ ባትሪ ቶሎ ያወርዳል፤ በማትቀርጹበት ጊዜ ስልኩ ከጃኬት ውስጥ ደረት ላይ ይቀመጥ፣ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክም ከእሱ ጋር። ድንገት የጠፋ ስልክ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይነሣል።

ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ አሳልፈው ጠዋት ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ፀሐይ እየሞቁ ይተካከካሉ፣ ከዚያ ለግጦሽ ይበተናሉ። ከጠዋቱ 1:30 እስከ 3:30 ያለው ብርሃንም ለስላሳ ስለሆነ ያ ሰዓት አይለፋችሁ። አትከተሏቸው፣ አታብሏቸው፤ ምሳችሁም አይታይ። ሃያ ሜትር ያህል ርቃችሁ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ እየጋጡ ራሳቸው ሊቀርቡ ይችላሉ። ምስሉን ደግሞ በስልኩ ዙም ከሁለት እጥፍ በላይ አታቅርቡት፤ ምስሉ ይፈርሳል። ዋናው ነገር ልጁና ጭላዳው በአንድ ክፈፍ ውስጥ መሆን እንደሌለባቸው ማወቅ ነው። ዳኜ ወደ ቀኝ ሲያይ ለብቻው ቅረጹ፣ ወደ ግራ የሚያይ ጭላዳ ለብቻው ቅረጹ፤ ሲገጣጠሙ ተፋጠዋል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ካዩ ግን ሌላ ሦስተኛ ነገር የሚያዩ ይመስላል። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ከቆማችሁበት ቅረጹት እንጂ እግራችሁን አታንሡ፤ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት ነው።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ከራስ በላይ ስለሆነ የልጆቹ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። በዚያ ሰዓት ምሳ ብሉ፣ ልጆቹን አሳርፉ፤ የጫማ ማሰሪያውን ትዕይንት ለ10:30 አቆዩት። ካሜራው መሬት ላይ ይተኛ፤ ሣሩ ከፊት ብዥ ብሎ፣ ሁለት ትንንሽ እጆች ሲጠመዝዙ፣ ፀሐዩ በሣሩ መሃል ሲያልፍ። ይህን ምስል አሥር ሰከንድ ሳትቆርጡ ተዉት። ተመልካቹ መልሱን ከዳኜ አንድ ሰከንድ ቀድሞ ማግኘት አለበት።

ድምፅ

ምስል ላይ ሁሉም ይደክማል፣ ፊልሙን የሚጥለው ግን ድምፅ ነው። የጓሳና የጣርማ በር ንፋስ የስልክ ማይክ ውስጥ እንደ መኪና ሞተር ይገባል፣ በኤዲቲንግም አይወጣም። ሁለተኛ ስልክ ላይ የደረት ማይክ ሰክታችሁ ከልጁ ልብስ ሥር አድርጉ፣ ማይኩን በተባዘተ የመንዝ በግ ፀጉር አውራ ጣት እስኪያክል ጠቅልላችሁ በክር እሰሩት። ፀጉሩ ይባዘት እንጂ አይፈተል፤ የጠበቀ ክር ድምፁን ያፍናል፣ ላላ ያለው ግን ንፋሱን ሰብሮ ቃሉን ያሳልፋል። በየቀረጻው መጀመሪያ ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ሁለቱን ድምፆች የምታገጥሙት በዚያ ነው።

የገበጣው ድምፅ ባዶ ጋን ይፈልጋል። ማይኩን በገመድ አንጠልጥላችሁ እስከ ጋኑ ሆድ አውርዱ፤ ተናጋሪዋ ከአፉ አንድ ክንድ ርቃ በዝግታ ትናገር። አፏን ካስጠጋች ድምፁ ይፈነዳል፣ ከራቀች ጋኑ አይመልስም። በአሮጊት ሴት ድምፅ ሞክሩት፤ በወፍራም የወንድ ድምፅ ከሚሠራው ይልቅ ልጅን የሚስበው እሱ ነው፣ መጨረሻ ላይ ከእማማ ጋር ሲነጋገርም ሁለት እኩዮች ይመስላሉ። ጠጠሯ ስትወድቅ ያለውን ድምፅ ለብቻው ቅረጹ፤ ደረቅ ባቄላ በባዶ ገበጣ ላይ ከአንድ ስንዝር ከፍታ። ለካፊያ ጤፍ በቆርቆሮ ላይ፣ ለበረዶ ሽምብራ። ሙዚቃ የታወቀ ሰው ሥራ አታስገቡ፤ ዋሽንት የሚነፋ ጎረቤት ካለ አስፈቅዳችሁ ቅረጹ።

ሲቆረጥና ሲታይ

በካፕካትም ሆነ በሌላ የኤዲቲንግ አፕ ስትሠሩ መጀመሪያ ምስሉን ያለ ሙዚቃ ጨርሱ። በሙዚቃ የተሸፈነ ደካማ ካት ራሱን ይደብቃል፣ ትልቅ ስክሪን ላይ ግን ይወጣል። ለጋቢው ካት ሌንሱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ምስሎች ብቻ አስቀሩ፤ ከዚያ ከበለጠ ነጩ ብልጭታ መሆኑ ይቀርና ስህተት ይመስላል። ቤቱ ቢጫ፣ ጣርማ በር ሰማያዊነት ያለው ነጭ፣ ጓሳ ወርቃማ ይሁን፤ ቀለሙ ብቻ የት እንደደረሱ ይናገራል።

ከመታየቱ በፊት ፊልሙን ላላዩ አምስት ወይም ስድስት ልጆች አሳዩ፤ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሉ ይሁኑ። እናንተ ፊታችሁን ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ልጆቹ አድርጋችሁ ተቀመጡ። የመጀመሪያው «አገር ስጪኝ» ሲባል ከመሃላቸው አንዱ የአገር ስም ካልጮኸ የመክፈቻው ክፍል ሕጉን አላስያዘም፤ ሰናይት ዳኜን እንቆቅልሽ የምትጠይቅበት አጭር ጨዋታ ገበጣው ከመገኘቱ በፊት ጨምሩ። ሁለት ልጆች በአንድ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ካነሡ ደቂቃውን መዝግቡና ያንን ትዕይንት በ5 ሰከንድ አሳጥሩ። አንሶላ ላይ በፕሮጀክተር ስታሳዩ አንሶላው ከአራቱም ማዕዘን ይወጠር፣ ድምፁም ከአንሶላው ኋላ ይምጣ፤ ድምፅ ማጉያው ፕሮጀክተሩ አጠገብ ከተቀመጠ ገበጣው ከልጆቹ ጀርባ የሚናገር ይሆናል።